የቤት ውሻ አስተዳደግና አጠባበቅ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ውሻ ከቤት እንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ከሰው ጋራ የተወዳጀ እንስሳ ነው። በሬ ለእርሻ፥ አህያም ለጭነት ከመገራታቸው በፊት ውሻ በሰው እሳት አጠገብ ይተኛ ነበር። የጥንቱን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከምድር ቈፍረው ባገኙት አጥንት እንዳስረዱት፤ ውሻ ከተኵላ ወገን ተለይቶ ከሰው ጋራ መኖር ከጀመረ ከ14,000 ዓመት አያንስም።

ይሁን እንጂ ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋራ የኖረው እንስሳ በብዙ መንደር ባለቤት እያለው ባለቤት እንደሌለው ሆኖ ይኖራል። ሌሊት ቤት ሲጠብቅ ያድራል፤ ቀን በድንጋይ ይባረራል። በጎቹን ከጅብና ከቀበሮ ያስጥላል፤ ለራሱ ግን ከቈሻሻ መጣያ ለቅሞ ይበላል። ሰው ሰውን ሲሰድብ በእርሱ ስም ይሰድባል፤ ጠያቂ ያጣ ነገርም «የውሻ ደም ሆኖ ቀረ» ይባላል።

ከዚህ ቸልታ የሚመጣው ጕዳት ግን በውሻው ላይ ብቻ አይቀርም። ያልተማረ ውሻ መንገደኛ ይነክሳል፤ ያልታከመ ውሻ የሆድ ትል ወደ ቤት ያስገባል፤ ያልተከተበ ውሻ የሰው ሕይወት ያጠፋል። በሥርዓት ያደገ ውሻ ግን ለቤቱ ዘበኛ፥ ለእረኛው ረዳት፥ ለልጆች ወዳጅ ይሆናል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የውሻ ጠባይና ጤና በባለቤቱ እጅ የሚሠራ መሆኑን ማስረዳት ነው። ውሻ ከፋ በተባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ያሳደገው ሰው ነው።

ክፍል 1። ቡችላን ስለ ማሳደግ

ሴት ውሻ 63 ቀን ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ቡችሎች ሲወለዱ አያዩም፤ አይሰሙም፤ ዓይናቸው የሚገለጠው በ2 ሳምንት ገደማ ነው። እስከ 8 ሳምንትም ድረስ ከእናታቸው ባይለዩ ይሻላል። ብዙ ሰዎች «ቶሎ ይልመደን» ብለው ቡችላውን ገና በአንድ ወሩ ከእናቱ ጡት ነጥቀው ይወስዱታል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ቡችላ የጥርሱን ኀይል መመጠን የሚማረው ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ ሲጫወት ነው። አጥብቆ የነከሰ እንደ ሆነ የተነከሰው ይጮኻል፤ ጨዋታውም ይፈርሳል፤ እናቱም ትቈጣዋለች። ይህን ትምህርት ሳይጨርስ የተወሰደ ቡችላ ካደገ በኋላ ጥርሱን ለመግታት ይቸገራል።

ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለቡችላ እንደ ፊደል መቍጠሪያ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ በደኅና ያየውን ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ አይፈራውም፤ ያላየው ነገር ግን ኋላ ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ውሻም ይነክሳል። ስለዚህ ቡችላው በነዚህ ሳምንታት ሕፃንና ሽማግሌ፥ ዱላ የያዘና ጃንጥላ የዘረጋ ሰው፥ በግና ዶሮ፥ ፈረስና አህያ፥ የወፍጮ ድምፅና የመኪና ድምፅ በየጥቂቱ ያለ ድንጋጤ ሊለምድ ይገባዋል። ከብት ጠባቂ እንዲሆን የታሰበ ቡችላም በዚሁ ዕድሜው ከጥጆችና ከግልገሎች አጠገብ ቢያድር፤ ካደገ በኋላ እነርሱን እንደ ወገኖቹ ይቈጥራቸዋል።

የቡችላ የወተት ጥርስ 28 ነው፤ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እየወለቀ 42 ጥርስ ይተካል። በዚያን ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከው ጫማና ቍርበት ያኝካል። ይህ ክፋት አይደለም። ባለቤቱ ጫማውን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ለቡችላው የሚያኝከው ጠንካራ ገመድ ወይም ወፍራም እንጨት ቢሰጠው ጠቡ ይቀራል።

ክፍል 2። ስለ ምግብና ስለ ውሃ

ቡችላ ሆዱ ትንሽ ስለ ሆነ እስከ 4 ወር ድረስ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላል፤ ያደገ ውሻ ግን በቀን 2 ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል። ምግቡ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ በራሱ ዕቃ ይሰጠው። በሰዓቱ የሚበላ ውሻ ከቤት አይርቅም፤ የጎረቤትንም ማድጋ አይገለብጥም። ንጹሕ ውሃም ቀንም ሌሊትም ሊለየው አይገባም፤ ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ ስለማያልበው፤ በፀሓይ ጊዜ ራሱን የሚያበርደው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነውና ውሃና ጥላ ያጣ ውሻ በሙቀት ሊሞት ይችላል።

ከቤት የተረፈው ሁሉ ለውሻ አይሆንም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል፤ ስለዚህ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ልማድ ሆኖ ሊሰጠው አይገባም። አልኮል ያለበት አተላም ለውሻ መርዝ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ እየተሰነጠቀ ጕሮሮንና አንጀትን ይወጋል። እንጀራ፥ የተቀቀለ ሥጋ፥ ዕንቍላል፥ ገንፎ፥ ቅመም የሌለው ሾርባ ግን ይስማማዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁበት የሚገባው የዕርድ ቀን ነው። በገናና በፋሲካ፥ በዒድም ቀን፥ በየግቢው ከብትና በግ ይታረዳል። ሲታረድም አንዳንድ ጊዜ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ቈርጦ ለውሻ ይጥላል፤ ውሻውም ደስ ብሎት ይበላል። ይሁን እንጂ በዚያ ከረጢት ውስጥ በዓይን የማይታይ የትል ዘር ሞልቶአል። ዘሩ በውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆን ትል ይወጣዋል፤ የትሉም ዕንቍላል ከውሻው ዐይነ ምድር ጋራ በደጅና በጓሮ ይበተናል። ልጅ በአፈር ተጫውቶ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ፤ ወይም ጐመኑ ሳይታጠብ ቢበላ፤ ዕንቍላሉ ወደ ሆዱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያው በበጉ ጉበት ላይ የታየው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ብዙ ዓመት በዝግታ ያድጋል፤ ኋላም በቀዶ ሕክምና እንጂ በቀላሉ የማይለቅ ይሆናል።

እንግዲህ ከረጢት የታየበት ጉበትና ሳንባ ወይ ይቃጠል፤ ወይ ውሻና ጅብ ሊቈፍረው በማይችልበት ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ደኅና መስሎ የታየውም የሆድ ዕቃ ቢሆን በደንብ ሳይቀቀል ለውሻ አይሰጥ። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ የሰውን ዕድሜ ያተርፋል።

ክፍል 3። ስለ ማሠልጠን

ውሻ የሰውን ቃል ትርጕም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቃሉንና ቃሉን ተከትሎ የመጣውን ነገር ነው። ስለዚህ የውሻ ትምህርት በሦስት ነገር ይጸናል።

አንደኛ፤ ቃሉ አንድ ይሁን። አባት «ና» ሲል፥ እናት «ወዲህ በል» ስትል፥ ልጅ ደግሞ በፉጨት ቢጠራው ቡችላው ሦስት ቋንቋ ሊማር ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ተስማምቶ ለያንዳንዱ ነገር አንድ አጭር ቃል ይምረጥ፤ «ና»፥ «ተቀመጥ»፥ «ቁም»፥ «ተው» ይበቃሉ።

ሁለተኛ፤ ዋጋው ወዲያው ይከተል። ቡችላው ሲጠራ የመጣ እንደ ሆነ በዚያው ቅጽበት ቍራሽ እንጀራ ወይም እሽሩሩ የሚል ድምፅ ያግኝ። ጥቂት የዘገየ እንደ ሆነ ስለ ምን እንደ ተመሰገነ አያውቅም። ቅጣትም እንዲሁ ነው። ጧት ዶሮ ያባረረውን ውሻ ማታ መምታት ምንም አያስተምረውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የኮበለለውን ውሻ ጠርቶ በመጣ ጊዜ መግረፍ ነው፤ ውሻው «መጣሁ፤ ተመታሁ» ብሎ ይማራልና ሁለተኛ ቢጠሩት አይመጣም።

ሦስተኛ፤ ትምህርቱ አጭር ይሁን። 5 ደቂቃ ያህል በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ማስተማር ይበቃል። ቡችላ እንደ ሕፃን ቶሎ ይሰለቻል፤ ከተሰላቸ በኋላ የሚሰጥ ትእዛዝ ቃሉን ማርከስ ነው።

የማይፈለግ ነገር ሲያደርግ «ተው» ብሎ በረጋ ድምፅ መከልከልና ወዲያው የሚገባውን ሥራ ማሳየት ይሻላል። ዘሎ ሰው ላይ የሚወጣ ቡችላ ጀርባ ቢሰጡት፤ አራት እግሩን በምድር ሲያኖር ደግሞ ቢያሞግሱት፤ በጥቂት ቀን ይተወዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ውሻ ካልታሰረና ካልተገረፈ ዘበኛ አይሆንም» ይላሉ። ይህ አባባል ምን ፍሬ እንደሚያፈራ በሚከተለው ምሳሌ ይታያል።

ሁለት ጎረቤታሞች ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ቡችሎች ወሰዱ። አንደኛው ቡችላውን በአጭር ሰንሰለት ከግንድ ጋራ አሰረው፤ ቀኑን ሙሉ አልፈታውም፤ ክፉ እንዲሆንለትም ልጆች በዱላ እንዲነካኩት ፈቀደ። ሁለተኛው ቡችላውን በግቢው ፈታው፤ ስሙን አስተማረው፤ እንግዳ ሲመጣ «ተው» ሲሉት ዝም እንዲል አለማመደው። ዓመት ከሞላው በኋላ የታሰረው ውሻ ለሁሉ ይጮኽ ጀመር፤ ለነፋሱም፥ ለወፉም፥ ለጎረቤቱም ይጮኻልና ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ጠፋ። ጅብ በመጣ ሌሊት እንኳ ባለቤቱ «እንደ ልማዱ ነው» ብሎ ተኛ፤ በማለዳም የበጉን ቅሪት አገኘ። አንድ ቀንም ሰንሰለቱ ተበጠሰና ውሻው የገዛ ጌታውን ልጅ ነከሰ። የሁለተኛው ሰው ውሻ ግን የሚጮኸው ሲያስፈልግ ብቻ ስለ ነበረ፤ በጮኸ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይነሣ ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ጊዜውን ላልጠበቀ ነገር ነው። ጊዜውን ለይቶ የሚጮኽ ውሻ የሚገኘው በፍርሀት አይደለም፤ በትምህርት ነው። ማሰር ግድ በሚሆንበት ጊዜም ገመዱ ረዥም፥ ስፍራው ጥላ ያለው፥ ውሃውም የሚደረስበት ይሁን፤ በየቀኑም ፈትቶ ማንሸራሸር ያስፈልጋል።

ክፍል 4። ስለ ጤና አጠባበቅ

ጤነኛ ውሻ ዓይኑ የጠራ፥ ጠጕሩ የለሰለሰ፥ ለመብል የሚቸኵል ነው። ባለቤቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ጆሮውን፥ ድዱን፥ የጣቶቹን መካከልና ቈዳውን ቢመረምር ሕመሙን ሳይጸና ያገኘዋል። ቡችላም ከትንሽነቱ ጀምሮ እንዲህ መዳሰስን ቢለምድ ኋላ ለሐኪም አያስቸግርም።

መዥገር የተገኘ እንደ ሆነ ከቈዳው አጠገብ በመቈንጠጫ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው እንጂ በእሳት መተኰስ አይገባም፤ በጣትም ማፍረጥ በሽታ ያመጣል። ቍንጫን ለማጥፋት የሚተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ ማጠብ፥ ስፍራውንም መጥረግ ያስፈልጋል። ለእህል ተባይ የሚረጨውን መድኃኒት በውሻ ላይ ማፍሰስ ግን እጅግ አደገኛ ነው፤ ውሻው ሲልሰው ይመረዛል፤ ያቀፈው ሕፃንም ይመረዛል። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይገኛል።

ቡችሎች ብዙ ጊዜ ወስፋት ይዘው የሚወለዱ ስለ ሆኑ፤ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ የትል መድኃኒት በሐኪም ምክር ደጋግሞ ሊሰጣቸው ይገባል። ሆዱ የተነፋ፥ ጐኑ ግን የከሳ ቡችላ ጠግቦ ሳይሆን ትል ይዞት ይሆናል። የውሻም ዐይነ ምድር ከግቢ እየተጠረገ ይቀበር።

ሴት ውሻ በዓመት ብዙውን ጊዜ 2 ጊዜ ለወንድ ትነሣለች፤ በያንዳንዱም ጊዜ 3 ሳምንት ያህል በግቢ መጠበቅ ያስፈልጋታል። ቡችሎቿን የሚወስድ ሰው ሳይገኝ ብትወልድና ቡችሎቹ በመንገድ ቢጣሉ፤ የማይሞቱት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሆነው መንደሩን ይመለሱበታል። የእንስሳት ሐኪም ባለበት ስፍራ ማምከን ይቻላል፤ ይህም ከመጣልና ከመመረዝ እጅግ ይሻላል።

ክፍል 5። ስለ እብድ ውሻ በሽታ

ውሻ ወደ ሰው ከሚያስተላልፋቸው በሽታዎች ሁሉ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በገመተው መሠረት ይህ በሽታ በዓለም ላይ በያመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም ከ100 እጅ 99 ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ሊያብዱ ይችላሉ ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎችም ከ100 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል እጅግ ደቂቅ ነገር ነው። በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይኖራል፤ በንክሻ፥ ወይም የቈሰለ ቈዳን በመላስ ይገባል፤ ከዚያም በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ከ1 ሳምንት እስከ 1 ዓመት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሕመሙ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ግን ሞት እንጂ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ የሰው ሕይወት የሚተርፈው በዚያ ጉዞ መካከል ባለው ጊዜ ነው።

ይህንንም ጊዜ ለመጠቀም መንገድ ያገኘ ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ነው። በ1877 ዓመተ ምሕረት፤ ይኸውም በፈረንጆች ቍጥር ሐምሌ 6 ቀን 1885፤ ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ወደ ፓሪስ አመጡለት። ፓስተር በእንስሳት ላይ የፈተነውን ክትባት ለልጁ በ13 መርፌ አስወጋው፤ ልጁም ዳነ። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ እየተሻሻለ ሄደ። ቀድሞ በኢትዮጵያ በሆድ ላይ ብዙ ቀን ይወጋ የነበረው መድኃኒት ዛሬ በተሻለ ዐይነት እየተተካ ነው፤ የአዲሱም መርፌ ቍጥር አነስተኛ ነው።

ውሻ ማበዱ በምን ይታወቃል? አስቀድሞ ጠባዩ ይለወጣል፤ ለማዳው ይሸሻል፤ ዓይን አፋሩ ይዳፈራል። ከዚያ ያለ ምክንያት ይነክሳል፤ እንጨትና ድንጋይ ያኝካል፤ ከቤቱ ርቆ ይቅበዘበዛል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ በመጨረሻም እግሩ ሽባ ሆኖ ይሞታል። ነገር ግን ያበደ ውሻ ሁሉ አይናከስም። ሌላው ዝም ብሎ በጨለማ ይተኛል፤ መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ መዋጥም ያቅተዋል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን ወደ አፉ ሲያስገባ በምራቁ ይመረዛል። መዋጥ ላቃተው ውሻ እጅን ወደ አፍ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም።

ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ የሚደረገው ይህ ነው።

1ኛ፤ ቍስሉ ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ። ሳሙና ባይገኝ በውሃ ብቻ ይታጠብ። ይህ ቀላል መስሎ የሚታይ ሥራ ብዙውን መርዝ ያስወግዳል።

2ኛ፤ በቍስሉ ላይ በርበሬ፥ አመድ፥ ቅጠል ወይም ቅቤ አይደረግበት፤ በእሳትም አይተኰስ።

3ኛ፤ የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባቱ በዚያ ባይኖር ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይላክ። የተጀመረውም መርፌ ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ሁሉ ይፈጸም፤ «ደኅና ነኝ» ብሎ ማቋረጥ እንዳልተከተቡ ያደርጋል።

4ኛ፤ የነከሰው ውሻ ሳያስጋ ለመያዝ ከተቻለ 10 ቀን ተዘግቶ ይጠበቅ፤ በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ቀን በምራቁ በሽታው እንዳልነበረ ይታወቃል። ነገር ግን ሰው 10ሩን ቀን እየቈጠረ ሕክምናውን አያዘግይ።

ብዙ ሰው የሚሞተው መድኃኒት በማጣት ብቻ አይደለም፤ በመዘግየትም ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ነገር በየመንደሩ ይደርሳል። አንድ ልጅ ከብት ሲጠብቅ የጎረቤት ውሻ እጁን ነከሰው። እናቱ ቍስሉን አጠበችለት። አንድ ሽማግሌ ሰምተው መጡና አባቱን፤ «ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘኸው ሂድ» አሉት። አባቱም፤

«አባቴ፤ ውሻውን እናውቀዋለን፤ የሩቅ አይደለም። ቍስሉም የእሾኽ ያህል ነው። ነገ ገበያ ነው፤ ከገበያ መልስ ከባሰው እወስደዋለሁ» አለ።

ሽማግሌው፤ «ልጄ፤ ይህ በሽታ በቍስሉ መጠን አይገባም፤ በምራቅ ነው የሚገባ። ውሻውንም የምታውቀው ትናንት ነው፤ ዛሬ ምን እንደ ያዘው አታውቅም። እስኪብሰው ከጠበቅህም የምትወስደው ለሐኪም አይደለም። ገበያ በየሳምንቱ ይመለሳል፤ ልጅ ግን አይመለስም» አሉት።

«ወደ ጠበል ልወስደው አስቤ ነበር» አለ አባቱ።

«ጠበሉን ማን ከለከለህ? አስቀድመህ መርፌውን አስወጋውና ከዚያ በኋላ ውሰደው። አንዱ ሌላውን አይቃወምም፤ የሚቃወመው መዘግየቱ ነው» አሉት።

አባቱም በቅሎውን ጭኖ ልጁን በዚያው ማታ ወሰደው፤ የታዘዘለትንም መርፌ ሁሉ አስፈጸመ። በ6ኛው ቀን ውሻው ለሃጩ እየተዝረከረከ ሞተ፤ ልጁ ግን በደኅና ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። የሽማግሌ ምክር በሰዓቱ ሲነገር ከመድኃኒት አንድ ክፍል ነው።

ክፍል 6። የመንደሩ ሥራ

ከመነከስ በኋላ ከሚደረገው ሕክምና ይልቅ አስቀድሞ ውሻውን መከተብ ይቀላል፤ ዋጋውም ያንሳል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገምለታል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ በጻፈው ቀን ይታደሳል። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከ100 70ው የተከተቡ እንደ ሆነ በሽታው የሚሄድበት መንገድ ይቋረጣል። ስለዚህ አንድ ሰው የራሱን ውሻ ብቻ ቢያስከትብ ራሱን ይረዳል፤ መንደሩ ተስማምቶ ቢያስከትብ ግን ሁሉ ይድናል።

የውሻ ቸልታ እስከ ዱር ድረስ እንደሚደርስ በባሌ ተራሮች ታይቶአል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አውሬ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም በሁሉም ተራሮች ተደምረው 500 ያህል እንኳ አይሞሉም። በ1996 ዓመተ ምሕረት ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ተላልፎ በባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ4ቱ 3ቱን ያህል ፈጀ። በዚያ ጊዜ የቀሩትን ለማዳን ቀበሮዎቹን ይዞ መከተብ ግድ ሆነ። በየቤቱ ያለ ውሻ አስቀድሞ ተከትቦ ቢሆን ይህ ጥፋት ባልደረሰ ነበር።

የመንደር ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ብዙ ሥራ መሥራት ይችላሉ። የየቤቱን ውሾች ቍጥር መጻፍ፥ ከእንስሳት ሐኪም ጋራ ተነጋግሮ ሁሉ በአንድ ቀን የሚከተብበትን ቀን መቍረጥ፥ የዕርድ ትርፍ የሚቀበርበትን ስፍራ መወሰን፥ የሞተ ከብት በሜዳ እንዳይጣል መከልከል፥ ይህ ሁሉ በመንደሩ ጉባኤ ሊፈጸም የሚችል ነው።

ለመምህሩ የተሰጠ ምክር

መምህሩ ይህን ትምህርት በአንድ ቀን ለመጨረስ አይቸኵል፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ቢያስተምር ይበቃል። ልጆች ከውሻ ጋራ የሚኖሩበትን ሥርዓት ግን ደጋግሞ ያስለምዳቸው። ይኸውም የሚበላ፥ የተኛ፥ ቡችሎቿንም የምታጠባ ውሻ እንዳይነኩ፤ የማያውቁት ውሻ ሲመጣ እንዳይሮጡና እንዳይጮኹ፤ ዓይኑን ሳያዩ እጃቸውን ወደ ጐናቸው አድርገው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ፤ የወደቁ እንደ ሆነ ተጠቅልለው ፊታቸውንና አንገታቸውን በክንዳቸው እንዲሸፍኑ ነው። ይህንንም በትምህርት ቤቱ ሜዳ በጨዋታ መልክ ቢያሳያቸው አይረሱትም።

ከሁሉ ይልቅ ልጅ ውሻ ሲነክሰው ወይም ሲቧጭረው እንዳይደብቅ ማስተማር ይገባል። ብዙ ልጆች ውሻውን ነካክተው የተነከሱ እንደ ሆነ ግርፋት ፈርተው ዝም ይላሉ፤ ዝምታውም ይገድላቸዋል። ስለዚህ ወላጆች «ተነከስሁ» ብሎ የመጣን ልጅ እንዳይመቱ መምህሩ ይንገራቸው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1። ቡችላ ከእናቱ በቶሎ ቢለይ ምን ይጐድልበታል?

2። የኮበለለን ውሻ ጠርቶ መምታት የማይገባው ስለ ምንድን ነው?

3። በታረደ በግ ጉበት ላይ ከረጢት ቢታይ ምን ይደረጋል? ለውሻ ቢሰጥስ ምን ይመጣል?

4። ውሻ የነከሰው ሰው አስቀድሞ ምን ያደርጋል? ወዴትስ ይሄዳል? መቼ?

5። የነከሰው ውሻ የታወቀ የጎረቤት ውሻ ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቀራልን? ምክንያቱ ይነገር።

6። እያንዳንዱ ተማሪ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቤታቸው ውሻ መቼ እንደ ተከተበ ይጠይቅና መልሱን በነጋታው ለመምህሩ ያምጣ። መምህሩም ያልተከተቡትን ውሾች ቍጥር ጽፎ ለመንደሩ ሽማግሌዎች ይስጥ።